ከአባትዎ ሳጥን ስለወጣው የመርከብ ባንዲራ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የጎንደር ልጅ ናቸው። አባታቸው በንጉሡ ዘመን ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግለዋል። ካረፉ በኋላ የብረት ሳጥናቸው ሲከፈት፣ ከደንብ ልብሳቸው ሥር አንድ ባንዲራ ተገኘ። ሰማያዊ ነው፤ መሃሉ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን አለው። በአንድ ጎኑ ሸራና ገመድ ተሰፍቶበታል። ብል በልቶታል፣ ጫፉ ተተልትሏል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በሌላ ጨርቅ ተለጥፏል። አንድ ዘመድ «ይሄማ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው፣ እውነተኛ አይደለም» አሏቸው። ሌላው ደግሞ «ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ያ ልጣፍ ተነስቶ፣ በፍሬም ሳሎን ይሰቀል» አሉ። ሙት ዓመቱ ደርሷል። ምን ይሻለኛል ነው ጥያቄው። ፎቶዎችም ልከዋል።

ዋናውን መጀመሪያ ልበል። አይጠቡት። አይተኩሱት። ልጣፉንም አይንኩት። ቀሪውን ቀስ ብለን እናየዋለን። እኔ እዚሁ ጎንደር የቆዩ ጨርቆችን በመጠበቅና በመጠገን ነው የምሠራው። እጄ ላይ የሚገባው በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መጋረጃና የድሮ ካባ ነው። የመርከብ ባንዲራ ግን እንደ ሙያ ሥራ ሁሌም ይማርከኛል። በዓለም ላይ እንደሱ የሚንገላታ ጨርቅ የለም። ነፋስ፣ ጨው፣ ፀሐይና የመርከብ ጭስ እያሰቃዩት ይኖራል። ሰፊው ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ ነው የሚሰፋው።

በመጀመሪያ ምን እንደሆነ። የእርስዎ ባንዲራ የአገር ባንዲራ ሳይሆን የምልክት ባንዲራ ነው። መርከቦች በባንዲራ ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ ባንዲራ የአንድ የላቲን ፊደል ምልክት ነው፤ ለብቻው ሲወጣ ደግሞ የራሱ መልእክት አለው። ሰማያዊው ባለ ነጭ አራት ማዕዘን «ፒ» ነው። የባሕር ሰዎች «ብሉ ፒተር» ይሉታል። ወደብ ላይ ሲሰቀል «መርከቧ ልትነሳ ስለሆነ ሰው ሁሉ ይሳፈር» ማለት ነው። ከተማ የወጣ መርከበኛ ይህን ካየ የጀመረውን ሻይ ትቶ ይመለሳል። የንግድ መርከቦች የባንዲራ ቋንቋ በእንግሊዞች እጅ እ.ኤ.አ. በ1857 በ18 ባንዲራዎች ተዘጋጅቶ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አሁን የሚሠራበት ደንብ የጸደቀው በ1965 ነው። ቀለሞቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁርና ነጭ። የተመረጡት ከሩቅ እንዳይምታቱ ነው።

«ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው» ያሉት ዘመድዎ አስተውለዋል፤ ድምዳሜያቸው ብቻ ነው የተሳሳተው። የድሮ የመርከብ ባንዲራ በአብዛኛው የተገጣጠመ ነው። ምክንያቱን ጎንደሬ ሊስተው አይችልም። የሸማኔ እቃ ጠባብ ነው። ነጠላውም ጋቢውም ከጠባብ ሸማ ጎን ለጎን ተጋጥሞ ነው የሚሰፋው። ጋቢው ከመሃል ስፌት አለው ብሎ ሐሰተኛ ነው የሚል ሰው የለም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የባንዲራ ጨርቅ በጥንት ጊዜ የሚሸመነው 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ወርድ ነበር። የባንዲራው ትልቅነት ራሱ የሚቆጠረው በወርድ ነበር። ባለ አሥር ወርድ ባንዲራ ሲባል አሥሩ ተጋጥመው ቁመቱን ይሰጣሉ ማለት ነው። በኋላ ሰፋፊ ጨርቅ መጣ። የምልክት ባንዲራን እየቆረጡ መገጣጠም ግን አልቀረም።

በዚህ መንገድ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት እንግሊዞች ሳን ኢልደፎንሶ ከተባለች የስፔን መርከብ ባንዲራዋን ማረኩ። ዛሬ ለንደን ውስጥ ግሪኒች ባለው የባሕር ሙዚየም ይገኛል። 10 ሜትር በ14 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከሱፍ ጨርቅ የተሰፋ ነው። አንድ ሰፊ ቤት ወለል ላይ ቢዘረጋ ከበሩ ውጭ ይተርፋል። ያን የሚያህል ነገር መርፌና ክር ይዘው የተቀመጡ ሰዎች እጅ ሥራ ነው።

የእኛዋ ከተማም ከዚህ የራቀች አይደለችም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ የተሠሩ ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች አሉ። አንዱ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ቶሮንቶ ይገኛል። ቁመታቸው 5 ሜትር ያህል ነው። እነሱም ቢሆኑ ለየብቻ ተሸምነው ጎን ለጎን የተጋጠሙ ናቸው። ይህን የማነሳው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ ኩራትም አለበት። መገጣጠም የድህነት ምልክት እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው። የሙያው መንገድ እሱ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ባንዲራ ልጠጋ። ሦስተኛው ፎቶዎ ግሩም ነው። ነጩ አራት ማዕዘን ሰማያዊው ላይ የተለጠፈ አይደለም። ከኋላ ሲገለበጥም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሰማያዊው ከሥሩ ተቆርጦ ወጥቷል። በቂ ምክንያት አለው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ከተደረበ ባንዲራው ይከብዳል። ነፋሱ ቀላል በሆነ ቀን አይነሳም። ብርሃን ከኋላ ሲመታው ደግሞ ሰማያዊው በነጩ ውስጥ ያጠላል። ስለዚህ ሰፊው ነጩን በልኩ ቆርጦ ከሰማያዊው ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ያጋጥመዋል። አራቱ ማዕዘኖች ላይ ጨርቁ ሳይጨማደድ እንዲህ ጥርት ብሎ መዞር የእጅ ብቃት ነው። ስፌቱን በጣትዎ ዳሰስ ያድርጉት። የጂንስ ሱሪ እግር ላይ እንዳለው ስፌት ነው። ሁለቱ ጠርዞች እርስ በርስ ይዋዋጡና ሁለት መስመር ይሰፋባቸዋል። የተቆረጠ ክር ወደ ውጭ አይታይም። ነፋስ የሚይዘው ጫፍ ካገኘ ሁሉን ይተረትረዋል፤ ስለዚህ የሚያዝ ጫፍ አይተውለትም።

በገመድ በኩል ያለው ሸራ ሸክሙን የሚሸከመው ክፍል ነው። ነፋሱ ጨርቁን ይጎትታል፣ ጨርቁ ሸራውን፣ ሸራው ገመዱን። ገመዱ በሸራው ውስጥ አልፎ ከላይና ከታች ይወጣል። በድሮ ባንዲራ በአንዱ ጫፍ የእንጨት ቁልፍ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ ተገምዶ የተሠራ ቀለበት አለ። የአንዱ ባንዲራ ቁልፍ በሌላው ቀለበት ይገባና ተራ በተራ ይንጠለጠላሉ። በ1890 ኢንግልፊልድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የብረት መንጠቆ ፈለሰፈ። እርስ በርስ በአንድ ጠቅታ የሚያያዝ ነው። የምልክት ሥራውን በጣም አፈጠነው። የእርስዎ ባንዲራ የቱ እንዳለው ከፎቶው አልታየኝም፤ በቅርበት አንሥተው ይላኩልኝ።

ሸራው ላይ ሌላም ነገር ይፈልጉ። ሰፊዎች ብዙ ጊዜ ቁጥር፣ መጠን ወይም የተሠራበትን ቦታ በቀለም ያትሙበታል። ለምሳሌ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባንዲራዎች የመጠን ቁጥርና የመሥሪያ ቤት ስም፣ አንዳንዴም ወርና ዓመት ይታተምባቸዋል። ይህ ለእርስዎ ነገር ትርጉም አለው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1955 ተመሥርቶ መደቡን ምጽዋ ላይ አደረገ። በ1962 ደግሞ «ኢትዮጵያ» የተባለችውን ትልቋን መርከብ ከአሜሪካ አገኘ። እሷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኦርካ በሚል ስም ያገለገለች፣ የባሕር አውሮፕላኖችን የምትደግፍ መርከብ ነበረች። በኋላ ዕጩ መኮንኖች ሠልጥነውባታል። አባትዎ በየትኛዋ መርከብ ላይ እንደነበሩ የአገልግሎት ወረቀታቸው ይነግርዎታል። ማኅተሙና ወረቀቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ነገሩ የሚጠራው።

ጨርቁ ሱፍ ነው ወይ ብለዋል። ሱፍ ነው፤ መልሱን ራሱ ብሉ ሰጥቶናል። ብል ሱፍ፣ ፀጉር፣ ላባና ሐር ነው የሚበላው። ንጹሕ ጥጥ፣ ተልባ ወይም ናይለን ምግቡ አይደለም። ሁለተኛውን ፎቶ አስፍተው ይዩት። ሰማያዊውና ነጩ ተበልቷል። ሸራው አንድም ቀዳዳ የለውም። ከሁሉ የሚገርመው ስፌቱ ነው። ጨርቁ ያለቀበት ቦታ ላይ ክሩ ብቻውን ቀርቷል፤ የስፌቱ መስመር እንደ መሰላል ባዶ ቦታ ላይ ተዘርግቷል። ሱፉን በልቶ ክሩን ትቶታል። ልጣፉም እንዲሁ ደህና ነው፤ ስለዚህ ሱፍ አይደለም፣ ጥጥ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ፍንጭ የሌለው ሰው ካለ፣ ከጠርዙ የረገፈች አንዲት ክር በክብሪት ያቃጥል። ሱፍ ፀጉር ፀጉር ይሸታል፤ አመዱ በጣት ይፈረካከሳል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። ናይለን ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይሆናል።

ለምን ሱፍ? የባንዲራ ሱፍ እንደ ባና ወይም እንደ በርኖስ ወፍራም አይደለም። ክሩ ቀጭንና በደንብ የከረረ ነው። ድሩና ማጉ ተራርቀው ነው የተሸመኑት፤ ወደ ብርሃን ቢያዩት በመሃሉ ይታያል። ነፋስ ያልፍበታል፣ ስለዚህ ቶሎ አይቀደድም። ቀላል ስለሆነ በትንሽ ነፋስ ይነሳል። ሲረጥብ ፈጥኖ ይደርቃል። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ገመዱ ላይም ይጠመጠማል። ሱፍ ቀለምም አጥብቆ ይይዛል። ናይለን ለባንዲራ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ጥንካሬው የማይካድ ስለሆነ ሱፉን ቀስ በቀስ አስወጣው።

አሁን ወደ ልጣፉ። ክርክር የበዛበትም እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ። ባንዲራ የሚሞተው ከገመዱ ተቃራኒ በሆነው ጫፍ ነው። ነፋሱ እንደ አለንጋ የሚያጮኸው ያን ጫፍ ነው። መጀመሪያ ጠርዙ ይፈታል፣ ከዚያ ይተለተላል። ሰፊዎች ይህን ስለሚያውቁ ጫፉን ደጋግመው ይሰፉታል። መርከብ ላይ ያሉት የምልክት ሠራተኞች ደግሞ ሲተለተል ይቆርጡና አዲስ ጠርዝ ይዘመዝማሉ። ባንዲራው ትንሽ ያጥራል፣ ሥራውን ግን ይቀጥላል። ቀዳዳ ሲመጣ ይለጥፋሉ። የእርስዎ ልጣፍ በእጅ የተሰፋ ነው። ክሩ ከሌላው ስፌት ይወፍራል፤ ጥልፉ ትንሽ ቢዛባም በጣም የጠበቀ ነው። ልብስ ሰፊ ያልሆነ፣ ነገር ግን ደጋግሞ የሰፋ እጅ ነው። ደግሞም ለመታሰቢያ የሚቀመጥ ባንዲራ አይለጠፍም፤ የሚለጠፈው ነገ እንደገና የሚሰቀል ነው። ያ ልጣፍ ባንዲራው ባሕር ላይ ሠርቶ እንደኖረ የሚመሰክር ነገር ነው። አንሥተው ሲጥሉት ምስክሩን ነው የሚጥሉት። በዚያ ላይ ከሱፉ ውስጥ ክሩን ሲመዙ በዙሪያው ያለውም ይቀደዳል።

የጥገና ነገር እንዴት መዘዝ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ታላቅ ታሪክ አለ። ሜሪ ፒከርስጊል ባልቲሞር ውስጥ የመርከብ ባንዲራ ሰፊ ነበረች። በ1813 ለአንድ የወደብ ምሽግ 9 በ13 ሜትር ገደማ የሆነ ባንዲራ ሰፋች። ቤቷ ስላልበቃት የቢራ ጠመቃ ቤት ወለል ላይ ዘርግታ ነው የጨረሰችው። አሜሪካኖች ዛሬም በብሔራዊ መዝሙራቸው የሚያነሱት እሱን ነው። ጫፉ በነፋስ አልቆ፣ ሰዎችም ለመታሰቢያ እየቆረጡ ወስደውት፣ ከርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ጎድሏል። በ1914 አሚሊያ ፋውለር የተባለች የባንዲራ ጠጋኝ ከነረዳቶቿ ከኋላው የተልባ ጨርቅ ደረበችበት። 1.7 ሚሊዮን ያህል ጥልፍ ነው የሰፉት። ከዚያ በፊት በ1912 በአናፖሊስ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ከ170 በላይ የተማረኩና የቆዩ ባንዲራዎችን በዚሁ መንገድ ጠግና ነበር። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የደረሱት በእሷ ምክንያት ነው። ጊዜ ሲሄድ ግን የተልባው ጨርቅ ባንዲራውን ይጎዳው ጀመር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ባለሙያዎች ያን ሁሉ ጥልፍ እየቆረጡ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ሥራው ሁሉ አልቆ ባንዲራው ለሕዝብ የተከፈተው በ2008 ነው። እንግዲህ በአገሩ ምርጥ እጅ የተሠራ ጥገና እንኳ ይህን ካመጣ፣ ፒያሳ ላለ ልብስ ሰፊ ሰጥተው «አስተካክልልኝ» ማለት ምን እንደሚያስከትል ያስቡት። ልብስ ሰፊዎቻችንን መናቄ አይደለም። የእነሱ ሙያ ልብሱን ለአገልግሎት መመለስ ነው፤ ይህ ባንዲራ ግን አገልግሎቱን ጨርሷል።

ስለ ማጠብ ደግሞ ግልጹን ልንገርዎ። ሱፍ ቀለም አጥብቆ ቢይዝም ሰማያዊው ወደ ነጩ ሊለቅ ይችላል። አንዴ ከለቀቀ የሚመልሰው የለም። ሙቅ ውሃና ማሸት ሱፍን ያኮማትራል፤ ሸራውና ክሩ ግን አይኮማተሩም፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ይጣመማል። በረኪና ከሁሉ ይከፋል፤ ሱፍን ያሟሟዋል እንጂ አያነጣውም። ካውያ ደግሞ የደረቀና የሳሳ ክር ይሰብራል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ብሉ አሁንም በሕይወት ሊኖር ስለሚችል ቅድሚያ እሱን ይግደሉ። ባንዲራውን እንዳለ ላላ አድርገው በንጹሕ አቡጀዲ ይጠቅልሉት። በሁለት ፌስታል አየሩን አስወጥተው በደንብ ይዝጉት። ከዚያ የሥጋ ማቀዝቀዣ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በሚቀዘቅዘው፣ ለሁለት ሳምንት ይተዉት። መብራት ጠፍቶ በረዶው ከቀለጠ ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምሩ። ሲያወጡት ወዲያው አይክፈቱ። ፌስታሉ እንደተዘጋ ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ ይቆይ። ካልሆነ ጤዛ ይይዘዋል። ናፍታሊን አያስፈልግም፤ ለሰው ጤናም አይበጅም። ሳጥኑንና የደንብ ልብሱንም አይርሱ። ልብሱ ሱፍ ከሆነ እሱም ፍሪዘር ይግባ። ሳጥኑ በእያንዳንዱ ማዕዘን ተጠርጎ ይጸዳ።

ቀጥሎ አቧራው። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ባንዲራውን ይዘርጉት። እጥፋቱ እምቢ ካለ አይታገሉት፤ በራሱ ጊዜ ይላላል። ቫኪዩም ካለ ጉልበቱን ዝቅ አድርገው፣ በላዩ ቱል ዘርግተው፣ ሳያሹ ከላይ ከላይ ይሳቡት። ለሙሽራ ቬሎ የሚሸጠው ቱል ይበቃል። የወባ መከላከያ አጎበር ግን አይጠቀሙ፤ ኬሚካል አለበት። ቫኪዩም ከሌለ ይለፈው። አቧራው ስፌቱን ከሚፍቅ ብሩሽ ያነሰ ጉዳት ነው ያለው።

ለማስቀመጥ መጠቅለል ከማጠፍ ይሻላል። ጨርቅ የሚሰበረው በእጥፋቱ ላይ ነው። ጨርቅ ሻጮች የሚጥሉት ወፍራም የካርቶን ቱቦ አለ፤ እሱን ይለምኑ። ቱቦውን በፎይል፣ በላዩ በአቡጀዲ ይሸፍኑት። አዲስ አቡጀዲ አስቀድሞ ታጥቦ አሚዶው ይልቀቅ። ከገመዱ በኩል አይጀምሩ፤ ገመዱ በላዩ የሚጠቀለለውን ሁሉ ያጎብጣል። ከተተለተለው ጫፍ ጀምረው ቀስ ብለው ይጠቅልሉ፤ ሸራውና ገመዱ መጨረሻ ላይ ከውጭ ይቅሩ። የጎንደር ክረምት ርጥበት ስለሚያመጣ ከውጭ ግድግዳ አርቀው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያኑሩት። በመስከረምና በመጋቢት ከፈት አድርገው ይዩት።

ሳሎን መስቀሉን አልመክርም። የእኛ ከተማ ከባሕር በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ብርቱ ናት። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ሰማያዊውን ያነጣዋል። በሁለት ጥግ የተንጠለጠለ የተበላ ሱፍም በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ጥሩ ፎቶ አንሥተው በትልቁ ያሳትሙ። ከአባትዎ የደንብ ልብስ ፎቶ ጎን ያምራል።

ለሙት ዓመቱ ግን ባንዲራው ራሱ ይውጣ፤ ይገባዋል። አልጋ አጠገብ ወይም ጓዳ በኩል፣ ሰው የማይገፋፋበት ቦታ ጠረጴዛ ላይ ጠፍጣፋ ይዘርጉት። ጧፍና የቡና ጭስ ይራቁት። እጅ እንዳይበዛበት አንድ የቤተሰብ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ባሕር ኃይል የነበሩ ጓዶቻቸው ከመጡ ስልክዎን ከፍተው ድምፃቸውን ይቅዱ። ባንዲራው መቼ ይወጣ እንደነበር፣ ምልክት ክፍል ማን እንደነበረ፣ ልጣፉን ማን ሊሰፋ እንደሚችል ይጠይቋቸው። ከዚያ በአቡጀዲ ቁራጭ ላይ የአባትዎን ስም፣ ማዕረጋቸውን፣ የመርከቢቱን ስምና ባንዲራው የተገኘበትን ቀን በእርሳስ ይጻፉ። ቁራጩን በጥጥ ክር ከገመዱ ላይ ይሰሩት እንጂ ጨርቁ ላይ አይስፉት። የሸራውን ፎቶ ሁለቱንም ገጽ ሲልኩልኝ ስለ ማኅተሙ እጽፍልዎታለሁ።